«ኦሪጅናል ነው» አለኝ

ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ዛሬ ግን እርር ድብን ብያለሁ። ለደንበኛ የሳምሰንግ ስክሪን ልገዛ ስሄድ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ዝም ብለህ ግጠም» አለኝ። ገጠምኩት። ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ቁጭ! ለካ እያንዳንዱ ነጥቡ ራሱ በሚያበራው በኦሌድ ስክሪን ፈንታ ከጀርባው መብራት የሚበራለትን ኤልሲዲ ሸጦልኛል፣ ከስክሪኑ ስር ያለው የጣት አሻራ ማንበቢያማ የኤልሲዲው የጀርባ መብራት ንጣፍ ጋርዶት ወይ ፍንክች። ልመልስ ብሄድ «ላስቲኩ ተልጧል፣ አንቀበልም»። እሺ፣ ሳልልጠው ሰክቼ ማየት ነበረብኝ፣ ግን ደንበኛው አናቴ ላይ ቆሞ ሲያጣድፈኝ ዘነጋሁት። እሱ ደግሞ «ደህናውን አውጥተህ ሸጥክብኝ» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራል። የቱን ደህና? የተሰባበረው ስክሪኑ እኮ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ! በመጨረሻ ከኪሴ አውጥቼ ሌላ ገዛሁለት። እሱም «ኦሪጅናል ነው» ተብሏል።