ማስተካከያ፦ የአኮን ከበባ የጀመረው ሪቻርድ አይደለም

ዛሬ እስራኤል ውስጥ ስላለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለ አኮ ከበባ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ ላይ፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ባለ አንበሳ ልቡ ሪቻርድ ከተማዋን ራሱ ከብቦ፣ ውስጧ የነበረውን የሙስሊሞቹን ሱልጣን ሳላሃዲንን አሸንፎ በጉልበት እንደያዛት ተገልጿል። ይህ ልክ አይደለም።

ከበባውን በነሐሴ 1189 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው የኢየሩሳሌም ንጉሥ የነበረው ጋይ ደ ሉዚኛን ነው። ሪቻርድ የደረሰው በሰኔ 1191 ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ፊሊጶስም ቀድሞት መጥቷል።

ከተማዋን ይከላከሉ የነበሩት የሳላሃዲን ወታደሮች ቢሆኑም፣ እሱ ራሱ ውስጧ አልነበረም። ሠራዊቱን ይዞ ከባቢዎቹን ከውጭ ከበባቸው። የመስቀል ጦረኞቹ ከፊት የከተማዋ ግንብ፣ ከኋላ የእሱ ጦር ነበረባቸው። ይህ ካልገባን ከበባው ለምን ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው እንደቆየ አይገባንም።

ሌላው ምክንያት ባሕሩ ነው። በ1190 ከቤይሩት የተነሳች፣ ለተከላካዮቹ እህል የጫነች መርከብ ወደ ከተማዋ ገብታለች። መርከበኞቹ ጺማቸውን ተላጭተው፣ እንደ ፈረንጅ ለብሰው፣ ጠላት እንዳይጠረጥራቸው መርከቧ ላይ አሳማ ጭነው ነው ያለፉት። ዒሳ የሚባል ዋናተኛም ለተከላካዮቹ ወርቅና ደብዳቤ ወገቡ ላይ ታጥቆ ሌሊት ሌሊት ይመላለስ ነበር። በመጨረሻ ሰጥሞ ሞተ።

ከተማዋ በድርድር እጅ የሰጠችው ሐምሌ 12 ቀን 1191 ነው። ስምምነቱን የፈጸሙት ውስጥ የነበሩት ተከላካዮች ናቸው፤ ሳላሃዲን አልፈቀደም። ጽሑፉ ጨርሶ ያለፈው አሳዛኝ ነገርም አለ። ሪቻርድ የማስለቀቂያው ክፍያ ዘገየ ብሎ ነሐሴ 20 ቀን 2,700 ያህል ምርኮኞችን አስገደለ። ይህን ትቶ ስለ ጀግንነቱ ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም።