የነበራችሁ ተናገሩ

የጎንደር ሰዎች፣ ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለመንግሥት አይደለም፤ ለመንግሥት የሚጽፍ ሞልቷል። በተለይ ደግሞ ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው የሱቅ ረድፍ ለምትነግዱ፣ ከሱቆቹ በላይ ለምትኖሩ፣ በሩ ላይ ባጃጅ ለምታቆሙ። የትኛው ረድፍ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ሁዳዴ የተገደሉትን ዘበኛ አልረሳችኋቸውም ብዬ ልጀምር። ስማቸውን አልጠራም። ልጃቸው "አደራ፣ የአባቴን ስም እንዳታወጣብኝ፤ እኔም ልጆች አሉኝ" ብላኛለች። የሟች ልጅ እየተሳቀቀች ትኖራለች፣ ገዳዩ ደግሞ ዘና ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ሁላችንም "አባባ" ነበር የምንላቸው፤ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

አባባ የደንቢያ ሰው ናቸው። ገበሬ ነበሩ። ዕድሜ ሲጫናቸው መሬቱን ለልጅ ትተው ከተማ ገቡ። መሣሪያ አልነበራቸውም። አንድ ዱላ፣ አንድ ጋቢ፣ በላስቲክ የታሰረች ትንሽ ሬዲዮ፣ በቃ። ደመወዛቸውን ሱቆቹ አዋጥተው ይከፍላሉ ይባላል እንጂ አንዱ ሲከፍል ሌላው "ነገ" ይል ነበር። ከኪሳቸው የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ለሊስትሮ ልጆች ያድላሉ። ጨው ይበዛበታል፤ ልጆቹ ፊታቸውን እያጨማደዱ ይበሉታል፣ እሳቸውም ይስቃሉ።

የሆነው ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ጎንደር ሌሊት ተኩስ መስማት ለምዳለች። ተኩስ ሲሰማ ሰው ልጆቹን ከመስኮት አርቆ መሬት ላይ ይተኛል። ለዚህ ማንም ማንንም አይወቅስም። የዚያን ሌሊት ግን የተሰማው ተኩስ አልነበረም፤ የሰው ድምፅ ነው። "ኡኡ! ያገር ሰው ድረሱልኝ!" ነው ያሉት።

ይህን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። ሬሳው ወደ ደንቢያ ሄዶ ከተቀበረ በኋላ ልጃቸው ተመልሳ መጥታ አባባ በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ተቀምጣ ነበር። ከሱቆቹ በላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ከጎኔ ነበሩ። "ሰምቼ ነበር፤ ሰካራም መስሎኝ" አሉኝ ቀስ ብለው። ትንሽ ቆዩና ደግሞ፣ "የባሌን ስም ሁለት ጊዜ ጠርተዋል" አሉ። ባልየው ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አላዩንም። ሰካራም የጎረቤት ስም እየጠራ ድረሱልኝ አይልም፤ ይህን እሳቸውም ያውቁታል፣ ሚስታቸውም ያውቃሉ። ሴትዮዋን አልፈርድባቸውም፤ ቢያንስ ተናገሩ። ከዚያ ፎቅ ላይ የሌሎቹ ጆሮ የት ነበር?

ጠዋት ለኪዳን የወጡ ሴቶች አገኟቸው። ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል። ከሱቆቹ አንድም ቁልፍ አልተሰበረም። አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ፣ "መርማሪ እስኪመጣ ቦታው አይነካ" ተባለ። እናንተስ ምን አደረጋችሁ? አጠባችሁት። "ገበያ ሊጀምር ነው፤ ደንበኛ ደም ካየ ይመለሳል" ብላችሁ በኦሞ አጠባችሁት! ቧንቧ ሳምንት አልፎ ሳምንት ጠብ በማይልበት ከተማ፣ ለአንድ ጀሪካን ወረፋ በምንጣላበት ከተማ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ውኃ ሞልቶ ተረፈ። ከየቤቱ ነው የወጣው። ለአባባ መታጠቢያ አንድ ጆግ ያላወጣ ሁሉ ደማቸውን ለማጠብ በባሊ እያመጣ ይደፋ ነበር። መርማሪው ሲደርስ የቀረው እርጥብ አስፋልት ነው።

ከዚህ የባሰ አይመጣም ብዬ ነበር። መጣ።

ከሱቆቹ በአንዱ በር ላይ ካሜራ አለ። የሚያየው ወደ መንገዱ ነው፤ አባባ ካርቶን አንጥፈው የሚቀመጡባት ቦታ ፊት ለፊቱ ናት። መርማሪው ሲጠይቅ "ከተበላሸ ቆይቷል" ተባለ። ደህና፣ ዕቃ ይበላሻል። ለፋሲካ ገበያ ሰሞን ግን አንዲት ሴት ከዚያው በር ላይ ከተሰቀለ ልብስ አንድ ነጠላ በጉያዋ ሸጉጣ ሄደች። ማታውኑ ቪዲዮዋ ቲክቶክ ላይ ወጣ። ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል። የነጠላው ጥለት ሳይቀር ይታያል። ከሥሩ "ይህችን ሌባ የምታውቋት ጠቁሙን" የሚል አለበት፣ እናንተም ስትቀባበሉት አመሻችሁ። በማግስቱ ሴትየዋ ተገኘች። ለነጠላ አንድ ቀን ይበቃል ማለት ነው።

ሄጄ ባለሱቁን ጠየቅሁት። "ወንድሜ፣ ካሜራህ መቼ ተጠገነ?"

"አንተን ምን አገባህ?" አለኝ። አጠገቡ የነበሩት ሁለቱ ነጋዴዎች ሳቁ።

ያን ሳቅ ይቅር ማለት አልቻልኩም። ባለሱቁ ፈርቶ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ፍርሃትን የሚንቅ ሰው ወይ እዚህ አይኖርም፣ ወይ ቤቱ አልተንኳኳም። ሁለቱን ግን ምን አሳቃቸው? ከእነሱም በር ላይ ነው ሰውዬው ዓመታት ውርጭ የጠጡት።

በዚያ ሰሞን አንድም ጋዜጠኛ ድርሽ አላለም። የከተማችን የፌስቡክ ገጾች ስለ ፋሲል ከነማ ጨዋታ ይነታረኩ ነበር። አንድ ልጅ ስለ አባባ አጭር ጽሑፍ ለጥፎ ነበር፤ ከሥሩ "ነፍስ ይማር" የሚሉ ጥቂት ሰዎች መጡ፣ አለቀ። ዘበኛ ነዋ። ከተማ ቤት የሌለው፣ ከተማ ዘመድ የሌለው፣ ፎቶ እንኳን ከመታወቂያው ሌላ የሌለው ሰው። ሕፃን ታግታ የተገደለች ጊዜ እኮ ይኸው ከተማ አንጀቱ ተቃጥሎ አደባባይ ወጥቷል፤ መውጣት ዋጋ እንደሚያስከፍልም እያወቀ ነው የወጣው። ስለዚህ ልብ የለንም አልልም። ልባችን መራጭ ነው።

ለፉከራና ለቀረርቶ ማን ይቀድመናል? የጥምቀት ለት ለእንግዳው "የፋሲለደስ ከተማ፣ የጀግና አገር" ስንል ደረታችን ይነፋል። አባቶቻችን ግን በፉከራ ብቻ አልኖሩም። ሰው ሞቶ ገዳይ ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። አገሬው ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ነገሩ እስኪወጣ አይበተኑም። ያየ ሰው ራሱን እንዳያጋልጥ ደግሞ "ወፍ ነገረኝ" የሚባልበት መንገድ ነበረው። ንጹሕ ሰውም ይጎዳበት ነበርና አውጫጭኝ ይመለስ አላልኩም። ግን ቢያንስ የጠፋ ደም የመላው ቀዬ ዕዳ እንደሆነ ያውቁ ነበር። እኛ ዘንድ ዕዳው የልጅቱ ብቻ ሆኗል።

"ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ" ትላላችሁ። እኮ! የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ እዚያ አላደርኩም።

ሕጉንም ልንገራችሁ፤ "ምን አገባኝ" ለሚለው ሰው። የወንጀል ሕጋችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው ነው። ከባድ የሰው ግድያ በዕድሜ ልክ ወይም በሞት ያስቀጣል፣ አንቀጽ 539ን ተመልከቱ። እንዲህ ያለ ወንጀል መፈጸሙን ወይም የፈጸመውን ሰው እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያልጠቆመም ይጠየቃል፣ አንቀጽ 443 ነው። ሕጉ አገባህ ይላል። ይርጋው፣ ክስ ሊቀርብ የሚችልበት ጊዜ ማለት ነው፣ 25 ዓመት ነው፤ ገዳዩ "ተረሳ" ብሎ ቢተኛ እንኳን መዝገቡ ገና ብዙ ይጠብቀዋል። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባልም አለ። ማንነትን መደበቅ፣ ሲያስፈልግም የመኖሪያ ቦታ መለወጥ ድረስ ይሄዳል። "ወረቀት ላይ" ትሉኛላችሁ፤ አውቃለሁ። ወረቀቱን ግን ማን ጠይቆበት ያውቃል? ከመካከላችን አንድ ሰው ገብቶ "እናገራለሁ፣ በዚህ አዋጅ ጠብቁኝ" ብሎ ቢከለከል፣ ያኔ መንግሥትን አብረን እንወቅሳለን። እስከዚያ ድረስ እዚያ ጣቢያ ያለውን ባዶ መዝገብ ባዶ ያደረግነው እኛው ነን።

አንዳንዴ ደግሞ ንዴቴ ይወርድና ታሳዝኑኛላችሁ። ሦስት ዓመት በሩን በጊዜ ዘግቶ ያደረ ሰው ጆሮውን ሳይቀር መዝጋት ይለምዳል። ማን ደረሰበት፣ በየትኛው ወገን፣ ለምን፣ ብሎ መጠየቅ ራሱ ወገን መያዝ መሰለ። ግን አባባ የማንም ወገን አልነበሩም። የእናንተን በር ነበር የሚጠብቁት። ነግ በኔ ማለት ቢያቅተን እንኳን፣ ዛሬ በሩ ላይ የተቀመጠው ሌላው ዘበኛ ያያችኋል። በሦስተኛው ቀን ነው የተቀጠረው። እሱም ከገጠር ነው፤ ማታ "ደህና እደሩ" ሲላችሁ ምን እያሰበ እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

ብዙ አልጠብቅም። መላው ሰፈር ይነሳል ብዬ የማስብበት ዘመን አልፏል። አንድ ሰው ይበቃኛል። ካሜራው የዚያን ሌሊት ይሠራ ከነበረና ቅጂው ካለ፣ በፖስታ ከቶ ስሙን ሳይጽፍ ማድረስ ይቻላል። ከመስኮት ያየ ካለ ለሚያምነው የሀገር ሽማግሌ ይንገር፤ ሽማግሌው ወፍ ይሁነው።

ይህም ከከበዳችሁ፣ ትንሿን ልለምናችሁ። ልጃቸው በየወሩ ከደንቢያ በመጀመሪያው መኪና ተሳፍራ ጣቢያ ትመጣለች። "ምርመራ ላይ ነው" ትባላለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። እስካሁን ብቻዋን ነው የምትገባው። ከዚያ የሱቅ ረድፍ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ሆኖ ቢገባ የሚሰጣት መልስ ይለያል፤ ይህን ቢሮ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ምስክርነት አይደለም፣ ፊርማም አይደለም፤ አብሮ መቀመጥ ብቻ ነው። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ማክሰኞ ነው፣ ጠዋት። ከእናንተ ማን ይሄዳል?