ስምንት ገጽ ይበቃል

የመጀመሪያ ፕሮፖዛሌ 32 ገጽ ነበር። የነገሥታት የዘር ሐረግ አለው፤ ካርታ አለው፤ ሰይፉ ከየት እንደመጣ፣ የጀግናው አባት እንዴት እንደሞተ አንድም ሳይቀር ተተርኳል። የጎደለው ጀግናው ራሱ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ነው። የላክሁለት አነስተኛ የኮሚክስ አሳታሚ በሁለት ቃል መለሰልኝ፦ «ታሪኩስ የታለ?» ወር ሙሉ አኮረፍኩ። ዛሬ የወጣቶችን ረቂቅ ሳነብ ያችው ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ትደርስና ስንቴ እንደዋጥኳት!

ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካወጣ ወዲህ «እኔም ጀግና አለኝ» የሚሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ደስ ይላል። ግን ጀግና ሌላ፣ ታሪክ ሌላ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሣጥን በሣጥን የሚሥሉትን ሠዓሊዎቻችንን አስታውሱ። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን ነው። ገና ከመጀመሪያው ዘንዶው ጉብ ብሏል፣ ሕዝቡ ፍየል እየጎተተ ያቀርብለታል። መቅድም የሚባል ነገር የለም።

አነስተኛ አሳታሚ ማለት ሁለት ሦስት ሰው ነው። ረቂቅ የሚያነበውም፣ ከማተሚያ ቤት ጋር በወረቀት ዋጋ የሚከራከረውም፣ መጽሐፉን ተሸክሞ የሚያዞረውም አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ረቂቃችሁን የሚለካው በሠዓሊው ቀን ነው። ደራሲው «ሠራዊቱ ተራራውን ሞልቶ ወረደ» ብሎ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ሠዓሊው ግን ፈረሱን፣ ጋሻውን፣ ጎፈሬውን አንድ በአንድ ሲሥል ሦስት ቀን ያልቅበታል። በቀን አንድ ገጽ የሚጨርስ ሠዓሊ ፈጣን ነው። ስለዚህ ባለ 300 ገጽ ገድል ይዞ የመጣ ጀማሪ፣ ሳያውቀው የሌላ ሰው ዓመት እየጠየቀ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ስምንት ገጽ ግን የሁለት ሳምንት ጉዳይ ነው፤ ደግሞም ጽፎ መጨረስ የሚችል ሰው መሆናችሁን ይመሰክርላችኋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሠዓሊዎች ያቋቋሙት የአሜሪካው ኢሜጅ ኮሚክስ እንኳ ከአንድ ገጽ ማጠቃለያ ጋር ያለቁ ገጾች ላኩ ነው የሚለው።

ቋንቋውንም እንርሳው እንዴ? ከማነባቸው ስክሪፕቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ታስበው በአማርኛ የተጻፉ ናቸው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለኮሚክስ የተሰጠ በረከት ይመስለኛል። «ወንድምህን ትናንት ማታ ድልድዩ ሥር…» ብላችሁ የቀኙን ገጽ ዝጉት። አንባቢው ገጹን እስኪገልጥ «አገኘሁት» ይሁን «ቀበርኩት» አያውቅም። እንግሊዝኛው ግሡን ቀድሞ ስለሚያወጣ ይህን ጨዋታ እንዲህ በቀላሉ አይጫወተውም። እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ብታሳዩኝ ካርታችሁን አልጠይቅም።

«ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?» የሚል ፍርሃት አለ። የ1996 ዓ.ም. የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈውንና የተሣለውን ነው። እና ደብቃችሁ የያዛችሁት ሐሳብ መከላከያ የለውም፣ ያለቀው ገጽ ግን አለው። እኔን ከስርቆቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ፊርማው ነው። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የፈጠሩትን ሱፐርማንን ከነሙሉ መብቱ እ.ኤ.አ. በ1938 የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ማንም አልሰረቃቸውም፣ ፈርመው ነው የሰጡት። ስለዚህ «ገጸ ባሕርዩ የማን ነው የሚሆነው?» ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። ጥያቄውን የሚሸሽ አሳታሚ ካጋጠማችሁ ረቂቃችሁን ይዛችሁ ውጡ። አሳታሚዎችም ብትሆኑ፣ ስድስት ወር ዝም ከማለት «አልፈልገውም» ማለት ምን ይከብዳል?

ኩርፊያዬ ሲበርድልኝ ስለ አንድ የታክሲ ረዳት ስምንት ገጽ ጻፍኩ። ሰይፍ የለ፣ ንጉሥ የለ፤ ከመገናኛ ቦሌ እስኪደርስ የአንዲት አሮጊት የመቶ ብር መልስ የጠፋበት ልጅ ነው። ለዚያው አሳታሚ ላክሁለት። በማግስቱ መለሰ፤ አሁንም ሁለት ቃል፦

«ሠዓሊውስ ማነው?»