መጀመሪያ ስለ ተኳሹ ጠይቁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምቆጣው በመንግሥት ብቻ አይደለም። በእናንተም ነው።

ፖሊስ ሰው ሲገድል የምናደርገውን ልብ በሉ። የሟቹ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ወዲያው ብሔሩን እንፈልጋለን፤ ማንን ይደግፍ እንደነበር እንበረብራለን። የኛ ከሆነ ሰማዕት ነው። የነሱ ከሆነ «ምን ሊሠራ እዚያ ሄደ?» እንላለን። ማን ተኮሰ? ማን አዘዘ? ሟቹ መሣሪያ ይዞ ነበር? ይህን የሚጠይቅ የለም። ገዳይም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የ1997ቱን ምርጫ አስታውሱ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ሰልፈኛ ላይ ጥይት ተተኮሰ። ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መገደላቸውን አረጋገጠ። ስድስት ፖሊሶችም ሞተዋል፤ እነሱም እናት አላቸው። አባላቱ ድምፅ ሲሰጡ ስምንቱ «ኃይሉ ከመጠን ያለፈ ነበር» አሉ፤ ሁለቱ ተቃወሙ። ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢው ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ፣ ሁለቱም ዳኞች፣ አገር ጥለው ተሰደዱ። በ1999 ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ድምዳሜውን ገልብጦ «እርምጃው ተመጣጣኝ ነበር» አለ። ሰዎቹ እንጀራቸውንና አገራቸውን ከፍለው እውነቱን አወጡልን። እኛስ? ስንቶቻችን ስማቸውን እናውቃለን?

የካቲት 23 ቀን 2015 ሕዝቡ ዓድዋን ሊያከብር ምኒልክ አደባባይ ወጣ። አስለቃሽ ጭስ እስከ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባ። አንድ መምህር በጥይት ተመትቶ ሞተ። እኛ ግን በዓሉ የት ይከበር በሚል ንትርክ ተጠመድን።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ ያለ ፍርድ ሰው መግደልን በሰው ልጅ ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች ጋር ዘርዝሮታል። እንዲህ ያለው ወንጀል በይርጋ አይታገድም፤ በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም። ሕጉ አለ። የጠፋው አጥብቆ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሌላው ጥፋታችን ዝምታ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ «እኔኮ በዓይኔ አይቻለሁ» እንባባላለን። ቃል ስጡ ስንባል ግን ሁሉም በሩን ይዘጋል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ብዙ ጊዜ የሚመረምረውም ራሱ ፖሊስ ነው። የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከወጣ ቆይቷል፤ ሰፈር ውስጥ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ቢሆንም ያያችሁትን ጻፉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመኪናውን ታርጋ። ቪዲዮ ካነሳችሁ ቆርጣችሁ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ሙሉውን አስቀምጡ። የሟች ቤተሰቦች፣ አስከሬኑ ሳይመረመር «ቶሎ ቅበሩ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። የሐኪሙን ማስረጃ ቅጂ ያዙ። ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤት በሉ። ዕድሮችም ብትሆኑ ድንኳንና ወንበር ብቻ አታቅርቡ፤ ለቤተሰቡ ጠበቃ የሚሆን ገንዘብ አዋጡ። ሟቹ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ጎረቤታችሁ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ ቀድማችሁ ውጡ። ያኔ «የራሳቸውን ሰው ነው የሚከላከሉት» የሚላችሁ አይኖርም።

መለዮ የለበሳችሁ ልጆቻችንም ስሙ። መሣሪያው የመጨረሻው አማራጭ መሆኑን ተምራችኋል። ባልደረባችሁ ባዶ እጁን የቆመ ሰው ላይ ሲተኩስ ያያችሁ ካላችሁ፣ ስሙን ተናገሩ።