እናትም፣ ማኔጀርም፣ አፈ ጉባኤም

ሰሞኑን አንዲት የ9 ዓመት ድምፃዊት በቴሌቪዥን እንግዳ ሆና ስትቀርብ፣ ንግግሩን በሙሉ የተናገሩት አጠገቧ የተቀመጡት የትናንቷ ኮከብ፣ የዛሬዋ ሥራ አስኪያጅ፣ ወላጅ እናቷ ነበሩ። ይህን ዝግጅት ባታዩት እንኳ አምሳያውን ሳታዩ አልቀራችሁም፤ እናትየዋ ይለዋወጣሉ እንጂ ወንበሩም መልሱም ያው ነው። ብዙ ሰው በነገሩ ተበሳጭቷል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ውለታ ያለ ምስጋና መቅረት የለበትም ባይ ነኝ።

መቼም አንድ ዝነኛ ሰው ጭብጨባው ሲቀዘቅዝና ስልኩ መደወል ሲያቆም የሚያደርገው ይታወቃል፤ ወይ ዘመኑን ይራገማል፣ ወይ ሌላ ሙያ ይማራል። እኚህ እናት ግን ስልኩ እንደገና የሚደወልበትን ምክንያት በገዛ ቤታቸው፣ ያውም ጥርሷን እየነቀለች ሳለ አገኙት። ተሰጥኦዋን መቼ እንዳወቁ ሲጠየቁ፣ ገና በማህፀናቸው ሳለች ምት ጠብቃ ትራገጥ እንደነበር በሙሉ ልብ ይመሰክራሉ። ሌሎች ፅንሶች ዝም ብለው ሲራገጡ ይህችኛዋ ለልምምድ መሰለፏን ማስተዋል የባለሙያ ዐይን ይጠይቃል።

ወደ ቃለ መጠይቁ ልመለስና፣ አዘጋጁ ልጅቱን የምትወደውን ቀለም ጠየቃት። እናት «ሐምራዊ ነው የምንወደው» አሉ። መቼ እንደምትተኛ ሲጠይቃት «እንቅልፍ ብዙም አንወድም» አሉ። ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ሲላት ደግሞ እስከ 18 ዓመቷ ያለው በውል የታሰረ መሆኑንና ከዚያ ወዲያ ያለውን ወደፊት እንደሚነጋገሩበት አስረዱ። በዚህ መካከል ልጅቱ ወደ እናቷ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፤ ማይክሮፎኑም «እማዬ፣ ሽንቴ መጣ» የምትለውን ቃል ሳይሰስት አደረሰን። እናት ዐይናቸው እንባ አቀረረ። «እንዲህ ናት፤ ስሜቷ ሲነካ ቁጭ ማለት አትችልም» አሉ። አዘጋጁ የአርቲስት ነፍስ ዕረፍት እንደሌላት አክሎ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ልጅቱ ጉልበቷን ከጉልበቷ አጣብቃ ትቁነጠነጥ ጀመር፤ እናትም ይህ በቅርቡ ለሕዝብ ከሚቀርበው አዲሱ ሥራቸው የተወሰደ እንቅስቃሴ መሆኑን አበሰሩ። እስቲ ተነሥተሽ አሳይን ተባለች። ተነሣች። አዳራሹ በጭብጨባ ምት ያዘላት፤ ጭብጨባው በጨመረ ቁጥር የልጅቱ ጭንቀት፣ ጭንቀቷ በጨመረ ቁጥርም ውዝዋዜው እየረቀቀ ሄደ። በማግስቱ ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር፣ ስለ ዳንስ ዐውቃለሁ የሚል አንድ ሰው ጉልበትን አጣብቆ መንቀጥቀጡ የእናትየዋ የቀድሞ ስልት በአዲስ መንፈስ የታደሰበት መሆኑን ተንትኖ ጻፈ። ልጆቻቸውን ይህንኑ እያስጠኑ የሚቀርጹ ወላጆችም ወዲያው ተነሡ። ልጅቱ በመጨረሻ ሽንት ቤት ትሂድ አትሂድ ግን ማንም አልጠየቀም።

የገንዘቡን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፣ እርሳቸውም በአጭሩ ነውና የሚያልፉት። ባዳ የሆነ ማኔጀር ድርሻውን በመቶኛ ቆጥሮ ይወስዳል፤ እናት ግን መቶኛ የሚባል ነገር ያስጠላቸዋል። «እኔና ልጄ የኔ የአንቺ የለንም» ይላሉ። እውነት ነው፣ የልጅቱ የሚባል ነገር የለም። የሥራ ሁኔታዋም ቢሆን የሚያስቀና ነው። ሥራ ያደከመው ሰው ቤቱ ገብቶ አለቃውን አምቶ ይተኛል፤ የዚህች ልጅ አለቃ ግን እራት የሚያቀርቡላትም፣ ግንባሯን ስመው መብራት የሚያጠፉላትም እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ለማን ትማ?

ጃኪ ኩጋን የሚባለው አሜሪካዊ ሕፃን እ.ኤ.አ. በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በሠራው ፊልም ዓለምን አስለቅሶ፣ በልጅነቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ገንዘብ አስገኝቷል። ዐዋቂ ሆኖ ገንዘቤስ ሲል እናቱና የእንጀራ አባቱ አጥፍተውት ጠበቁት። በ1938 ፍርድ ቤት አቆማቸው፤ የልጅ ገቢ የወላጅ ነው ብለው ተከራከሩ፣ የጊዜው ሕግም ከእነርሱ ጋር ነበር። ከዚያ ሁሉ በእጁ የገባው 126 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ካሊፎርኒያ በማግስቱ ዓመት በስሙ የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ ሕጉ ኋላ ተሻሽሎ ከልጁ ገቢ 15 በመቶው እስኪያድግ በማይነካ ሒሳብ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። ገንዘቡ እንኳ እንዲህ ባለ ሕግ ሊጠበቅ ይችላል። በዘጠኝ ዓመቷ ያልተጫወተችውን ጨዋታ ግን የትኛው ባንክ ያስቀምጥላታል? እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ዕረፍትና ጨዋታ የልጅ መብት መሆናቸውን ደንግጓል። ካሜራ ፊት ተደጋግሞ የሚቀረጽ ሳቅ ጨዋታ አይደለም፤ ሥራ ነው። የደከመችን ልጅ ቀስቅሶ ሜካፕ መቀባት ፍቅር አይደለም፤ ነውር ነው! እኛም «ስታሳዝን፣ ስታምር» እያልን የምናጨበጭበው የዚሁ ነውር ተካፋዮች ነን።

ይቅርታ፣ ምስጋናዬን ረሳሁት። አንዳንድ ምቀኞች እናትየዋ የራሳቸውን ያለፈ ዝና በልጃቸው ጉሮሮ ሊዘፍኑት ነው እያሉ ያሟቸዋል። ይህ ፍጹም ሐሰት ነው። ልጅቱ የመጀመሪያ ሥራዋ የእናቷ የድሮ ዘፈን የሆነው፣ ልብሷም የእናቷ የድሮ ልብስ ተቆርጦ የተሰፋው፣ በማስታወቂያው ላይም የእናት ፎቶ ከልጅቱ በእጥፍ ገዝፎ የወጣው ለቁጠባ ሲባል ነው። በአንድ ወቅት ልጅቱ መዝፈን ትታ ዋና መማር እንደምትፈልግ ተናግራ ነበር አሉ። እናት እንደ ማንኛውም አስተዋይ ወላጅ ፍላጎቷን አክብረው፣ ቀጣዩ ክሊፕ በመዋኛ ገንዳ ዳር እንዲቀረጽ አድርገዋል፤ ውኃውን መንካት ግን ሜካፑን ስለሚያበላሽ አልተፈቀደላትም።

ደግነቱ ይህ እናታዊ ትጋት በአንዲት ልጅ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የ4 ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ካሜራ ባየ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አምርሮ እንደሚያለቅስ እናትየዋ በዚያው ዝግጅት ላይ ገልጸዋል፤ ለአሳዛኝ ድራማ የተፈጠረ መሆኑ ስለታመነበትም ቀረጻው በሚቀጥለው ወር ከዚያው ከጠረጴዛው ሥር ይጀመራል።