«ማንኛውም ካርታ ይሁን» አትበሉኝ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጌም ነው። «ለጌምም ብሶት አለ እንዴ?» የሚል ሰው ካለ ይለፈው። እኔ ግን በጣም ደብሮኛል፤ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

ሀዋሳ ውስጥ በየተራ የሚኬድባቸውን የስትራቴጂ ጌሞች የምንጫወት ልጆች ጥቂት አይደለንም። ቤት ስንሰበሰብ ላፕቶፕ ላይ ሲቪላይዜሽን 6 እንከፍታለን። መብራት ሲጠፋ ወይም ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ስንል ደግሞ ፖሊቶፒያ አለ። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንድ ስልክ እየተቀባበልን እንጫወታለን። ሁለቱም የወጡት በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከ ዛሬ አልሰለቹንም። በጌሞቹ ቅሬታ የለኝም። እኔን የሚያንገበግበኝ ገና ሳይጀመር ያለችው ደቂቃ ናት። ካርታ የሚመረጥባት።

ሁሌም ያው ነው። አገር ወይም ነገድ ለመምረጥ ሁሉም ይሻማል። እዚህ ላይ ሩብ ሰዓት እንጨቃጨቃለን። ካርታው ላይ ሲደረስ ግን «አቦ ማንኛውም ይሁን፣ ጀምረው!» ይባላል። ወይ ደግሞ ስልኩን የያዘው ልጅ ማንንም ሳይጠይቅ ለራሱ የሚመቸውን ይነካል። ከዚያ በኋላ ሰዓታት የምንፈጀው ማን እንደሚያሸንፍ በታወቀ ጨዋታ ላይ ነው።

ፖሊቶፒያ ላይ ኦማጂ የሚባል ነገድ አለ። አብዛኞቹ ነገዶች በአንድ እግረኛ ተዋጊ ሲጀምሩ ኦማጂ በጋላቢ ይጀምራል። እግረኛው በአንድ ተራ አንድ ካሬ ነው የሚራመደው፤ ጋላቢው ሁለት። ጋላቢው መትቶ መሸሽም ይችላል። አንድ ጓደኛችን ታዲያ ሁሌ ኦማጂን ይይዛል። መያዙ መብቱ ነው። ነገር ግን ስልኩ እጁ ላይ ከሆነ ካርታውንም ሁሌ ድራይላንድስ ያደርገዋል፤ መጠኑን ደግሞ ትንሹን። 11 በ11፣ በጠቅላላው 121 ካሬ። ውሃው ቢበዛ 10 በመቶ ነው። የሚያቆመው ባሕር የለም፣ የሚያለፋው ርቀት የለም።

እስቲ የሚሆነውን ተመልከቱ። እኔ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ተዋጊዬን መንደር ፍለጋ ልኬያለሁ። ካርታው ገና በደመና ተሸፍኗል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ተራ ከደመናው ውስጥ ጋላቢ ብቅ ይላል። ዋና ከተማዬ ባዶ ነው። ገብቶ ይቆምበታል። አዲስ ተዋጊ ላሠልጥን ብል አይቻልም፤ የሚወጣበት ካሬ ላይ እሱ ቆሟል። የላክሁት ተዋጊ አንድ አንድ ካሬ እየተራመደ እስኪመለስ የእሱ ተራ ይደርሳል። ከተማው ተያዘ። አለቀ። ከዚያ ደግሞ ሙድ ይይዝብኛል፤ «ስትራቴጂ ማለት ይኼ ነው» ይላል። ስትራቴጂው የት አለ? ያሸነፈው ምርጫው ገጽ ላይ ነው።

ይህንኑ ልጅ «ዋተር ዎርልድ ይሁን» በሉት። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ የሆነው ካርታ ማለት ነው። «እሱ ይደብራል» ይላል። ለምን አይደብረውም? እዚያ ጋላቢው የት ይጋልባል? እዚያ ንጉሡ ኪኩ ነው፤ ዓሣ ማስገርን ከመጀመሪያው ይዞ ስለሚነሳ። እኔ ግን ኪኩን ይዤ «ውሃ ብቻ ይሁን» ብዬ አላውቅም፤ አልልምም። ያኛው ልክ ካልሆነ ይኼም ልክ አይደለም።

የምለው መሃል ያለውን ነው። ሌክስ የሚባለው ካርታ ከ25 እስከ 30 በመቶ ውሃ አለው። ጋላቢም ይሠራል፣ ወደብም ይሠራል። ጋላቢው ሐይቁን ለመዞር ተራ ያባክናል፤ በዚያ መሃል የተጠቃው ሰው ይዘጋጃል። መጠኑም 16 በ16 ቢሆን ሁሉም ሁለት ሦስት ከተማ ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። የሐይቅ ዳር ልጆች ሆነን ሐይቅ ያለበትን ካርታ መሸሻችን በጣም ነው የሚገርመኝ።

ኳስ ስንጫወት ሜዳው ተዳፋት ከሆነ እረፍት ላይ ጎል እንቀያየራለን። ማንም አይከራከርም። እዚህ ግን እረፍት የለም። ከመጀመሪያው ካልተስተካከለ እስከ መጨረሻው እንደተንጋደደ ነው።

ከቦት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያጫውተው ተጋጣሚ ጋር የሚጫወቱት ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። ሲቪላይዜሽን ላይ ከባዱ ደረጃ ዴይቲ ይባላል። ኮምፒውተሩ እዚያ ደረጃ ላይ የሚሰጠውን ስሙ። እኛ ከተማ በሚቆረቁር አንድ ሰፋሪ ስንጀምር እሱ በሦስት ይጀምራል። ምርቱና ወርቁ ላይ 80 በመቶ፣ ሳይንሱና ባህሉ ላይ 32 በመቶ ይጨመርለታል። ውጊያ ላይም በየወታደሩ 4 ነጥብ አለው። በጣም ያስፈራል። ግን ይሄ ሁሉ ጉልበት እኛ ዘንድ ካልደረሰ ምን ይጠቅመዋል? ደሴት በደሴት የሆነ ካርታ መርጠው «ዴይቲን ዘረርኩት» የሚሉትን ነው የምላቸው። ኮምፒውተሩ ባሕር አቋርጦ ሠራዊት ማምጣት ላይ ደካማ ነው፤ የተጫወተ ሁሉ ያውቀዋል። መርከብ ይሠራል፣ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወታደሮቹን በወጉ አውርዶ ከተማ መክበብ ላይ ወፍ የለም። ሰውዬው ከውሃው ጀርባ ሆኖ በሰላም ሳይንስ ይሰበስባል፤ ሮኬቱን አምጥቆ ያሸንፋል፤ ከዚያ ቴሌግራም ላይ ስክሪንሾት ይለጥፋል። እኔ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ በኢምፐረር፣ ግን መሬቱ አንድ በሆነበት በፓንጊያ የተጫወተውን ሰው የበለጠ አከብራለሁ። እዚያ ጎረቤት ጦር ይዞ በር ላይ ይመጣል። ምሽግ መቼ እንደሚሠራ፣ ወንዝ የቱ ጋ እንደሚያዝ፣ ከማን ጋር እንደሚታረቁ ማሰብ ግድ ነው። ጨዋታውን ከባድ የሚያደርገው ካርታው ነው፤ የደረጃው ስም ብቻውን ምንም አይደለም።

ፓንጊያም ቢሆን ጣጣ አለው። መሃል ላይ የወደቀው ሰው ከአራቱም ማዕዘን ይወቀጣል። ዳር ያለው ባሕሩን ተደግፎ ከተማ ይዘራል። ሰው በበዛበት ጨዋታ ይህ ግልጽ በደል ነው። ስለዚህ ፓንጊያን ከቦት ጋር ብቻዬን ስሆን እንጂ ከጓደኞቼ ጋር አልመርጠውም።

የኢትዮጵያ ነገርም አለ። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ ኢትዮጵያ የገባችው በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ነው፤ መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሉም እሷን መያዝ ይፈልጋል፤ ደስ ይላል። ጉልበቷ ኮረብታ ነው። ወታደሮቿ ኮረብታ ላይ 4 ነጥብ ይጨመርላቸዋል። ኮረብታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞቿ ደግሞ ከሚሰበስቡት የእምነት ነጥብ 15 በመቶውን ያህል ሳይንስም ባህልም ያገኛሉ። ከዓለት የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያኗ እንኳን አጠገቡ ኮረብታና ተራራ ሲኖር ነው የሚያፈራው። ታዲያ እሷን አስቀድሞ የያዘ ልጅ ምን ያደርጋል? የዓለሙን ዕድሜ «አዲስ» ላይ ያደርጋል። አዲስ ማለት ተራራና ኮረብታ የበዛበት ነው። ፈረሰኛ ያለበትን እስኩቴስን የያዘው ምስኪን ሜዳ ሲፈልግ ይውላል።

ኮረብታ የበዛበት ካርታ በራሱ ክፉ አይደለም። እንዲያውም እወደዋለሁ። መተላለፊያው ጠባብ ይሆናል፤ ሁለት ቀስተኛ አንድ ሠራዊት ያቆማል። ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ካርታው ይመረጥ። ሁሉም ይየው፣ ይስማማበት። ከዚያ አገር ይመረጥ። ኮረብታ መሆኑን እያወቅሁ እስኩቴስን ከመረጥኩ ችግሩ የራሴ ነው። ሁለት ሰው አንድ አገር ከፈለገ ዕጣ ይጣል። ይህን ስናገር «አታካብድ» ይሉኛል።

«እንግዲያው ሚረር እንጫወት» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኔና የእሱ መሬት ልክ እንደ ቅጂ አንድ የሆነበት ካርታ ነው። ፍትሐዊ ነው፤ አልክድም። ግን የራሴን ሰፈር ካየሁ የእሱን አወቅሁት ማለት ነው። ቃኚ ልኮ ከጭጋጉ ጀርባ ያለውን የማወቅ ጉጉት ጠፋ። እኩል መሆን ማለት አንድ ዓይነት መሆን አይደለም። አንተ ፈረስ ብታገኝና እኔ ብረት ባገኝ፣ ሁለታችንም የምንበላው እህል ካለን፣ ያ ይበቃኛል። ለዚህ ደግሞ መነሻ ቦታን «ባላንስድ» (ሚዛናዊ) የሚያደርግ ምርጫ እዚያው ገጽ ላይ አለ። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ማንም አይነካውም!

መጠኑን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሲቪላይዜሽን ላይ ስሞል የሚባለው መጠን ለ6 ተጫዋች ነው የተሠራው፣ ታይኒ ለ4። ታይኒ ላይ 6 ሰው ካጨቃችሁ ሁለተኛ ከተማ መሥሪያ ቦታ አይኖርም። ትልቁ ሂዩጅ ላይ ሦስት ሰው ካደረጋችሁ ደግሞ ሳንገናኝ ይመሻል።

ሻፍል የሚባለውን ምርጫ ግን አትንኩብኝ። እዚያ ጌሙ ራሱ ካርታውን መርጦ ከሁሉም ይደብቃል። ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ማንም አልተበደለም። ይኼ ከ«ማንኛውም ይሁን» ጋር አንድ አይደለም። «ማንኛውም ይሁን» ሲባል አንድ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ስልኩን የያዘው።

የፊታችን ቅዳሜ አቶቴ ስንሰበሰብ የማቀርበው ይኼ ነው። ካርታው ኢንላንድ ሲ፦ ባሕሩ መሃል፣ መሬቱ ዙሪያውን። ሁሉም ግራና ቀኝ ጎረቤት አለው፣ ፊት ለፊቱ ውሃ አለው፤ ቦቶቹም በመሬት መምጣት ይችላሉ። መጠኑ ስሞል፣ እኛ አራት፣ ቦት ሁለት። ደረጃው ኢምፐረር። የዓለሙ ዕድሜ መካከለኛ፣ መነሻ ቦታው ባላንስድ። አገር የሚመረጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሌላ ሐሳብ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ግሩፑ ላይ ይጻፍ፤ ኦማጂን የምትይዘው ልጅ አንተም ጻፍ።