ጊታሬን የሚያይልኝ ጠፋ

14 ዓመት አብራኝ የኖረች ጊታር ናት። ፍሬቶቿ፣ አንገቷ ላይ በአግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ አልቀዋል። በተለይ የመጀመሪያዎቹን 3ቱን፣ ትዝታ ስጫወት ጣቴ የሚመላለስባቸውን፣ ክሩ ቦይ ቆፍሮባቸዋል። በነካኋት ቁጥር «ዝዝዝ» ነው።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያልጠየቅሁት የለም። አንዱ «ክር ቀይር» አለኝ። ቀየርሁ፤ ያው ዝዝዝ። ሌላው አናጢ ነው፤ ሞረዱን ይዞ ሲመጣ ጊታሬን ነጥቄ ወጣሁ። ኧረ ወንድሜ፣ የበር መቃን እኮ አይደለችም! አሮጌው ፍሬት ሲነቀል እንጨቱ እንዳይሰነጠር በመበየጃ ካውያ ይሞቃል፣ ቀስ ተብሎ ይወጣል። አዲሱ ከገባ በኋላ ሁሉም እኩል ይስተካከላል፣ አናቱ ይድቦለቦላል፣ ይወለወላል። ከዚያ ደግሞ መስተካከል ያለበት የአንገቷ ውስጥ ብረት አለ፣ የክሩ ከፍታ አለ። 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ጣት ይላጣል፤ ዝቅ ካለ ተመልሶ ዝዝዝ!

«አዲስ አበባ ውሰዳት» ይሉኛል። ወሰድኋት እንጂ! 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የዓባይን በረሃ ጭኔ ላይ አቅፌያት። (ረዳቱ ጣሪያ ላይ እንስቀላት ብሎ ሊጣላኝ ነበር።) ባለሙያ የተባለው ሰውዬ 2 ወር «ዕቃው አልገባም» ሲለኝ ከርሞ እንደነበረች መለሰልኝ። ለማየት ብቻ ተብሎም ብር ተቀበለኝ!

አጎቴ ደግሞ በቁስሌ እንጨት ይሰዳል። ማሲንቆውን እየገዘገዘ «ፍሬት የሌለው ዕቃ ብትይዝ ምን ነበረበት?» ይለኛል።